አገር ስናይ ምን እናያለን?



ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሠርግ ሲጠራ፣ ዘመድ ሲታመም፣ ንግድ ሲቀና ወይም አላህ (ሱ.ወ) ሐጅና ዑምራን ሲወፍቀን ከቤታችን እንወጣለን። ስንመለስ ጎረቤት ቡና ላይ ተሰብስቦ «እህ፣ አገሩ እንዴት ነው? ምን አያችሁ?» ብሎ ይጠይቀናል። እኛም የመንገዱን ርዝመት፣ የሙቀቱን ብርታት፣ የፍራፍሬውን ርካሽነትና የአልጋውን ውድነት እንዘረዝራለን። ያደርንበት ከተማ በር እንዴት እንደታነጸ፣ የሰገድንበት መስጂድ ሚሕራብ በምን እንዳጌጠ፣ በእንግድነት የገባንበት ቤት ግድግዳ ላይ ምን እንደተሰቀለ የሚጠይቀን የለም። ቢጠይቀንም የምንመልሰው የለንም። ዓይናችን አልፎበታል እንጂ አላየውም።

እንደታዘብነው ለዚህ ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ ሥነ-ጥበብ የሚባለው ነገር ለፈረንጅና ለተማረ ሰው ብቻ የተፈጠረ ይመስለናል። ሁለተኛ፣ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ይመስለናል። ሦስተኛ፣ አንዳንዶቻችን ከዲን የሚያርቅ ነገር ይሆን እያልን እንሰጋለን። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው፣ ተራው ሰው ከነልጆቹና ከነአረጋዊት እናቱ በሚሄድበት መንገድ ሁሉ ጥበብን ሊያይና ሊደሰትበት እንደሚችል ነው። ይህን ካላደረግን ደግሞ የራሳችን የሆነው ጥበብ እያየነው ከእጃችን ይወጣል።

ጥበቡ የማን ነው?

ቁርኣን በምድር ላይ እንድንጓዝና ከእኛ በፊት የነበሩትን ሕዝቦች ፍጻሜ እንድናስተውል ደጋግሞ ያሳስበናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ ውበት አላህ ዘንድ የተወደደ መሆኑን አስተምረውናል። በመሆኑም የሙስሊም ጉዞ ዓይንን ጨፍኖ ደርሶ መመለስ ሊሆን አይገባውም።

ሕይወት ያላቸውን ፍጥረታት ስለመሳልና ስለመቅረጽ ዑለማዎቻችን የተናገሩት አለ። ዝርዝሩን ለእነርሱ እንተዋለን። ነገር ግን ሙስሊሞች በዚህ ምክንያት ጥበብ አልባ ሆነው አልኖሩም። እጃቸውን ወደ ጽሕፈት፣ ወደ መስመርና ማዕዘን፣ ወደ አበባና ሐረግ፣ ወደ ሽመና፣ ወደ እንጨትና ድንጋይ ሥራ አዞሩት። ከዚህም በላይ፣ ጥበቡን ያኖሩት ሰው በየቀኑ በሚጠቀምበት ዕቃ ላይ ነበር። የሚቀራው ሙስሐፍ፣ የሚሰገድበት ምንጣፍ፣ ውዱእ የሚደረግበት ማንቆርቆሪያ፣ የመስጂዱ በርና ጣሪያ የጥበበኞች መዋያ ሆነ። ለጁምዓ ከገጠር የመጣ ገበሬ ሱልጣኑ ባሠራው ጉልላት ሥር ይሰግዳል፣ ቀና ሲልም ያንኑ ጌጥ ያያል። የመግቢያ ዋጋ የጠየቀው አልነበረም። እንግዲህ «ይህ ለእኛ ዓይነቱ ሰው አይደለም» የሚለው አነጋገር ከየት እንደመጣ ለማወቅ ያስቸግራል።

ሐረር ላይ ያየነው

ይህን እንድናስብ ያደረገን ለዘመድ ሠርግ ወደ ሐረር ያደረግነው ጉዞ ነው። አራቱን ልጆቻችንን ይዘን፣ ወሎ ተወልደው ያደጉትን እናታችንንም ጨምረን ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ደረስን። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ሁለት ቀን ተረፈን። ትንንሾቹ ልጆች ጅብ ሲበላ ማየት እንጂ ሌላ ነገር አልፈለጉም። የ15 ዓመቷ ትልቋ ልጃችን ከስልኳ ዓይኗን አላነሳችም። እናታችን ደግሞ እግራቸውን ዘርግተው ቡናቸውን ቢጠጡ ይመርጡ ነበር።

ጀጎል፣ ማለትም አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን እንዳሠሩት የሚነገርለት ግንብ የከበበው አሮጌው ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በመዝገቡ እንደሰፈረው 82 መስጂዶችና 102 የአውሊያ መካነ መቃብሮች ይገኙበታል። ይህን ሁሉ በሁለት ቀን እንይ ብንል ኖሮ ልጆቹ ያለቅሱ፣ እናታችንም ይታመሙ ነበር። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ ለማየት ተስማማን። አንድ የሐረሪ ቤትና አንድ ሙዚየም።

ቤቱ የዘመዳችን የባለቤት ወገኖች ቤት ነበር። በሩን አልፈን ስንገባ ልጆቻችን ዝም አሉ። ወለሉ በቀይ አፈር ተቀብቷል። ከወለሉ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ አምስት መደቦች አሉ፤ በቋንቋቸው ነደባ ይሏቸዋል። እያንዳንዱ የራሱ ስምና የራሱ ተቀማጭ አለው። አሚር ነደባ የሚባለው የክብር መቀመጫ ነው። ሰው እንዳሻው ገብቶ ያገኘው ላይ አይቀመጥም። የቤቱ እመቤት ማን የት እንደሚቀመጥ ለልጆቻችን ሲያስረዱአቸው፣ ትንሹ ልጃችን «ታዲያ እኔ የት ነኝ?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ከጎን ያለችው ክርታት የምትባለው ጠባብ ክፍል ድሮ ሙሽራ ከሠርጓ በኋላ የምትቆይባት እንደነበረች ሲነገራት፣ ትልቋ ልጃችን ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኳን አስቀምጣ አንገቷን ወደ ውስጥ አስገብታ አየች።

በግድግዳው ውስጥ የተበጁ መስኮት መሰል ጎድጓዳ መደርደሪያዎች አሉ። ልጆቹ ቆጥረው 11 አሏቸው። በአንዳንዶቹ መጻሕፍት፣ በሌሎቹ ዕቃ ተቀምጧል። ከዚያ በላይ እስከ ጣሪያው ድረስ ግድግዳውን የሸፈነው በየቀለሙ የተሰፋ ስፌት ነው። አንድም የተንጠለጠለ ሥዕል የለም። ነገር ግን ቤቱ ራሱ ሥዕል ነው፤ ሰው የሚተኛበት፣ የሚበላበትና ዱዓ የሚያደርግበት ሥዕል።

ልጆቹን ያሸነፋቸው ይህ ነው። እንዲያደንቁ አልተነገራቸውም። እንዲቀመጡ፣ እንዲቆጥሩና እንዲጠይቁ ነው የተፈቀደላቸው።

እናታችን ሙዚየም ሲገቡ

በማግስቱ ራስ ተፈሪ ቤት እየተባለ በሚጠራው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ወዳለው የሸሪፍ ሙዚየም ልንሄድ ስንነሳ እናታችን እምቢ አሉ። «ሙዚየም ለፈረንጅ ነው። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት ምን ልሠራ እገባለሁ?» አሉን። «ጥላ አለው፤ አረፍ ይላሉ» ብለን ነው ይዘናቸው የሄድነው።

ሙዚየሙ የአንድ ሰው ትጋት ውጤት ነው። የሐረሩ ተወላጅ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የከተማቸው ቅርስ እንዳይበተን በማሰብ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍትን፣ የሐረር አሚሮች ያስመቱትን ሳንቲም፣ ጌጣጌጥን፣ ስፌትንና የድሮ ዜማ ቅጂዎችን ለዓመታት ሲሰበስቡ ኖረዋል። የተጎዱ መጻሕፍትን እየጠገኑም የጥንቱ የጥረዛ ሙያ እንዳይጠፋ ደክመዋል። ይህን ሁሉ ሲጀምሩ የመንግሥት በጀት አልነበራቸውም።

መድረሳ የሚማረው የ10 ዓመት ልጃችን የመጻሕፍቱ ክፍል ውስጥ ቆሞ ቀረ። ከረጅም ዘመን በፊት በሸምበቆ ብዕር የተጻፈውን መስመር እየጎተተ አነበበው። የሚያውቀው አያ ነበር! ከጎኑ የቆመው አስጎብኚ በገጹ ግርጌ ብቻዋን የተጻፈች ቃል አሳየውና «ይህቺ ለምን ይመስልሃል?» አለው። የሚቀጥለው ገጽ የሚጀምርባት ቃል ናት። የገጽ ቁጥር ባልነበረበት ጊዜ ጠራዡ ቅጠሎቹን እንዳያዛባ የሚመራው በእርሷ ነው። የቆዳው ሽፋንም እንደ ፖስታ ክዳን የሚታጠፍ ምላስ አለው፤ የገጾቹን ጠርዝ ከአቧራ ይጠብቃል። ልጃችን ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም አሮጌ ኪታብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያየው ግርጌውን ነው።

እናታችን ወንበር ፈልገው ሲዞሩ የስፌቱ ክፍል ውስጥ ገቡ። አልተቀመጡም። አንዱ ስፌት አጠገብ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩና ልጃችንን በስሟ ጠሩ። «ነይ፣ ይህን ቁጠሪ። በአንድ ጣት ስፋት ውስጥ ስንት ዙር አለ?» ልጅቷ ቆጠረች፤ ተሳሳተችና እንደገና ቆጠረች። «እኔ በጉብዝናዬ እንኳ እንዲህ አጥብቄ ሰፍቼ አላውቅም» አሉ እናታችን። ከዚያ ነገሩን ፈታ አድርገው ነገሯት። ሣሩ ሲታጨድ ጊዜ እንዳለው፣ እሸቱ እንደሚኮማተርና ከመጠን በላይ የደረቀው እንደሚሰበር፣ አለላው በቀለም ተነክሮ እንደሚደርቅ፣ ወስፌው ሲበሳ እጅ ካልጸና ቀዳዳው እንደሚሰፋ አስረዷት። «ጥለቱ ደግሞ» አሉ፣ «በዓይን አይሠራም፤ በቁጥር ነው። ዙሩ በሰፋ ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል። አንዲት ክር ብትስቺ መገናኛው ላይ ያነክሳል። ስትጀምሪው መጨረሻውን ማወቅ አለብሽ።»

ሁለት ሌሎች ጎብኚዎች ቆመው ያዳምጡ ነበር። አስጎብኚውም ዝም ብሎ አዳመጠ። ከጥቂት ሰዓት በፊት «ለፈረንጅ ነው» ያሉን እናት የዚያ ክፍል መምህር ሆኑ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ግን ሲቆጥሩ ኖረዋል።

እውነቱን ለመናገር ከዚህ ጉዞ በፊት ልጃችን በቤታችን ያሉትን የእናታችንን ሞሰብና ሙዳይ «አሮጌ ዕቃ» ትላቸው ነበር። ለሠራተኛ እንዲሰጡ ጠይቃም ታውቃለች። እናታችንም ፕላስቲኩ ከገባ ወዲህ ወስፌያቸውን አስቀምጠው ነበር። ማንም «አስተምሪኝ» ያላቸው አልነበረም። በዚያ ምሽት ግን ልጅቷ ራሷ ጠየቀቻቸው። «ዓይኔ ደክሟል ልጄ፣ እጄ ግን አልረሳም። አንቺ ዓይን ሁኚኝ» አሏት። የመጀመሪያዋ ሰፌድ ጠመመች፤ ሁለተኛዋ ግን ዛሬ እንጀራ ይቀርብባታል። እናታችን 70 ዓመት አልፏቸዋል። ያ ቀን ባይመጣ ኖሮ ያ ሁሉ ቁጥር ከእርሳቸው ጋር አፈር ይገባ ነበር ስንል ዛሬም ይደነግጠናል።

የሐረሯ እመቤትም ያጫወቱን ተመሳሳይ ጭንቀት ነው። ችግር ሲመጣ የአያትን ስፌት ወይም የአባትን ኪታብ ለመንገደኛ መሸጥ ቀላል ነው። ገዢው ዋጋውን ያውቃል፤ ሻጩ አያውቅም። ባለቤቱ ያላየውን ጥበብ ሌላ ሰው አይቶት ይወስደዋል።

በሐጅ፣ በንግድና በሥራ መንገድ

ሐረር መሄድ ያልቻለ ሰው ሌላ መንገድ አለው። አላህ ለቤቱ የጠራው ሰው በዓለም ካሉት ድንቅ የጨርቅ ጥበቦች አንዱን በዓይኑ ያያል፤ እርሱም የካዕባ ኪስዋ ነው። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የወርቁን ጽሑፍ ብቻ ነው። ጽሑፉ በጥጥ ተሞልቶ ከፍ ካለ በኋላ በወርቅ በተለበጠ የብር ክር በእጅ የተጠለፈ ነው። ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ደግሞ ጥቁሩ ሐር ራሱ ባዶ አለመሆኑን ያስተውላል። ጥቁር በጥቁር ላይ የተሸመነ የሸሃዳና የተስቢሕ ጽሑፍ አለበት። መካ ውስጥ የሚገኘው የኪስዋ ፋብሪካ የተመሠረተው በ1346 ዓመተ ሂጅራ ነው። ኪስዋው ድሮ በዙልሒጃ 9 ቀን ይቀየር የነበረ ሲሆን ከ1444 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 2022) ጀምሮ በሙሐረም 1 ቀን ይቀየራል። እርግጥ ነው፣ በጠዋፍ ጊዜ ልብ ከዒባዳው ጋር ነው የሚሆነው። ነገር ግን ከሰላት በኋላ ሐረም ውስጥ ተቀምጦ ማየት ማንንም አይገፋም፣ የማንንም መንገድ አይዘጋም። መዲና በነቢዩ መስጂድ አሮጌው ክፍል የሚታየው ጽሑፍም በ19ኛው መቶ ዘመን በሱልጣን አብዱልመጂድ ትእዛዝ ወደዚያ የተላከው የአብዱላህ ዙህዲ ብዕር ነው።

ለሸቀጥ ወደ ኢስታንቡል የሚመላለሱ ነጋዴዎቻችንም አሉ። ኤሚኖኑ ከሚባለው የገበያ ሠፈር መሐል የሩስተም ፓሻ መስጂድ ይገኛል። በ16ኛው መቶ ዘመን የታላቁ አናጺ የሲናን ሥራ ነው። መስጂዱ የተሠራው በሱቆች ላይ ነው፤ የሱቆቹ ኪራይ ለመስጂዱ ወቅፍ ነበር። ሥር ሱቅ ሲዞር የዋለ ሰው ደረጃውን ወጥቶ ዙሁርን ቢሰግድ ግድግዳው በሙሉ በኢዝኒክ ሸክላ ንጣፍ ተሸፍኖ ያገኘዋል። ሰማያዊ፣ ነጭና ቲማቲም የመሰለ ቀይ አበባ ነው። ቀዩ ቀለም በጣት ቢዳሰስ ከፍ ብሎ የሚታወቅ ነው። ለሰላት ለገባ ሰው የሚከፈልበት ዋጋ የለም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚኖሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችንም እንዲሁ ናቸው። ዶሃ ውስጥ በባሕሩ ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የእስላማዊ ጥበብ ሙዚየም አለ። ንድፉን የሠራው አርክቴክት አይ. ኤም. ፔይ ሐሳቡን ያገኘው ካይሮ ባለው የኢብን ጡሉን መስጂድ የውዱእ ማድረጊያ ሕንፃ ነው። እጅግ ዘመናዊ የሚመስለው ሕንፃ ከየት እንደተቀዳ ማወቅ፣ በእረፍት ቀኗ በዚያ ለምታልፍ እህት ሌላ ዓይን ይሰጣታል። የዓለምን ጥበብ ባለቤትነት ቀጣሪዋ ብቻ አልወረሰውም።

ለቤተሰብ የሚበጅ ምክር

ከጉዟችን የተማርነውን በአጭሩ እናካፍላችሁ።

1ኛ. ጥቂት እዩ፤ ብዙ ቆዩ። አንድ ሙዚየም ውስጥ ያለውን ሁሉ ያየ ሰው ምንም አላየም። እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ አንድ ነገር ይምረጥ፤ ማታ ለምን እንደመረጠው ለሌሎቹ ይንገር።

2ኛ. «ያምራል» ብላችሁ አትለፉ። በምን ተሠራ? በማን እጅ? ስንት ቀን ፈጀ? ለምን አገልግሎት? ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህ ጥያቄዎች ትምህርት አይጠይቁም።

3ኛ. ለሕፃናት ሥራ ስጧቸው። ወረቀትና እርሳስ ይዘው የማዕዘኑን ቁጥር ይቁጠሩ፣ የሐረጉን ጥለት ይገልብጡ፣ የሚያውቁትን ፊደል ይፈልጉ። ሲራቡ አብሉአቸው፤ የተራበ ልጅ ጥበብ አይታየውም። ጅቡንም አሳዩአቸው፤ የእኛዎቹ አይተዋል።

4ኛ. አዛውንቶችን ከኋላ አታስቀሩ። ሸማኔ የነበረ አያት ጨርቁን፣ አናጢ የነበረ አጎት በሩን፣ ስፌት የምታውቅ እናት ሞሰቡን ከማንም በተሻለ ያብራራሉ። አስጎብኚው በቤታችሁ ሊሆን ይችላል።

5ኛ. አደብ ጠብቁ። የሰው ቤት በፈቃድ ይገባል፤ ፎቶም በፈቃድ ይነሣል። መስጂድ አስቀድሞ የዒባዳ ቦታ ነው።

6ኛ. ስትገዙ አሮጌውን ሳይሆን አዲሱን ግዙ። የድሮ ኪታብና የአያት ስፌት ባለበት ይቆይ። ዛሬ እየሰፋች ቤተሰቧን ከምታስተዳድረው ሴት ግዙ። የሁለትና የሦስት ሳምንት ድካሟን እንደ ሽንኩርት አትከራከሩ። ሙያው የሚኖረው ባለሙያዋ ስትኖር ነው።

በመጨረሻም፣ ይህን ሁሉ ለማድረግ ሐረርን ወይም ኢስታንቡልን መጠበቅ አያሻም። ነገ ለጁምዓ የምትሄዱበት መስጂድ፣ ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠው የአያታችሁ ሙስሐፍ፣ ወጥ ቤት ጥግ የተረሳው ሌማት ሁሉም ባለቤቱን ይጠይቃል። ሠሪዎቹ ስማቸውን ሳይጽፉ አልፈዋል። ሥራቸው ግን በእኛ እጅ አማና ነው። አማና ደግሞ ከማየት ይጀምራል።

አላህ (ሱ.ወ) የሚያይ ዓይን፣ የሚያመሰግን ልብና የአባቶቹን አደራ የማይጥል ትውልድ ይስጠን። አሚን። ወላሁ አዕለም።